ያልተመዘገበ ቁስል፦ ከደቅ ደሴት እስከ ባሕር ዳር ሆስፒታሎች

በዚህ ገጽ ስንገናኝ ብዙውን ጊዜ የምናወጋው ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግና ስለ ምርጫ ነው። የዛሬው ርዕሴ ግን ከሆስፒታል ካርድ ክፍል የሚነሣ ነው። ጉዳዩ ከፖለቲካ የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ታግሦ ይከተለኝ ዘንድ እለምናለሁ። አንድ መንግሥት ከዜጎቹ መካከል ማንን ቆጥሮ ማንን ሳይቆጥር እንደሚያልፍ መጠየቅ፣ በእኔ እምነት፣ ከፖለቲካ ጥያቄዎች ሁሉ ሥር የሚገኝ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላቅርበው። በጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በስፋቷ አንደኛ በሆነችው በደቅ፣ አንድ ወጣት በጠብ መካከል ራሱን በዱላ ተመታ እንበል። ወይም ፍሬ ሊያወርድ ከወጣበት ዛፍ ላይ ወድቆ ራሱን ሳተ እንበል። ቤተሰቡ በጀልባ አሻግሮ ባሕር ዳር አደረሰው፤ ከሆስፒታሎቹ በአንዱ ተኝቶ ታከመ፤ ከሳምንታት በኋላ ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ ይህ ወጣት በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ የሚያውቅ የትኛው ተቋም ነው? ተመልሶ ያርሳል? ትምህርቱን ቀጥሏል? የሚጥል በሽታ ጀምሮታል? ወይስ ሞቷል?

እናቱ ታውቃለች። ጎረቤቱ ያውቃል። ሞቶ ከሆነ እድሩና የደብሩ ካህን ያውቃሉ። የሕክምና ሳይንሳችንና የጤና አስተዳደራችን ግን አያውቁም። የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበትን ሰው ከሆስፒታል በር ከወጣ በኋላ እየተከታተለ የሚጽፍ ቋሚ የሕሙማን መዝገብ በሀገራችን ገና አልተለመደምና።

ይህን ይበልጥ የሚያስቆጭ የሚያደርገው መዝገብ ለጣና ደሴቶች እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ የሚገኘው እዚያው ደቅ ጠርዝ ላይ ነው። በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት፣ በወንጌሉ ኅዳግ ሳይቀር፣ የምስክሮች ስም እየተጠራ ይጻፍ ነበር። የጻፉት ሰዎች ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ያልተጻፈ መብት በማግስቱ እንደሚካድ ያውቁ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያልን የምንተርተው እኛው፣ ቀደምቶቻችን ለመሬት ያደረጉትን ለሰው ራስ ቅል ማድረግ አቅቶናል።

መዝገብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ስም፣ ዕድሜ፣ ቀንና የሕመሙ ዓይነት የሚጻፍባቸው ትልልቅ መዛግብት እንዳሉ አውቃለሁ። እነዚህ የዕለት ሥራ ማሳለጫዎች ናቸው። ለምርምር የሚያገለግለውን የሕሙማን መዝገብ የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ መመዘኛውን የሚያሟላ ሕመምተኛ አንድም ሳይቀር ይገባበታል፤ ካርዱ የተገኘለት ወይም ሐኪሙ ትኩረት የሰጠው ብቻ ተመርጦ አይገባም። ሁለተኛ፣ ለሁሉም የሚቀርበው ጥያቄና የሚለካበት መለኪያ አንድ ዓይነት ነው። ሦስተኛ፣ ገጹ ሕመምተኛው በወጣበት ቀን አይዘጋም፤ አስቀድሞ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በስድስተኛው ወር፣ ውጤቱ ተጠይቆ ይጻፋል።

ለጭንቅላት ጉዳት ይህ ሦስተኛው ነጥብ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። የተሰበረ እግር መጠገኑ በዓይን ይታያል። የተጎዳ አንጎል ግን እንዲህ በቀላሉ አይታይም። ስፌቱ ተፈትቶ «ተሽሎት ወጣ» የተባለለት ሰው፣ ቤቱ ገብቶ የልጁን ስም ማስታወስ የሚያቅተው፣ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ፣ የጀመረውን ሥራ የማይጨርስ ሊሆን ይችላል። በመንደራችን ይህ ለውጥ የሕክምና ስም የለውም። «ከዚያ ዱላ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ» ይባላል፤ አንዳንዴም መተት ነው ተብሎ ከጸበል ወደ ጸበል ይዞራል። ትዳሩ ይፈርሳል፣ በሬው ይሸጣል፣ ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ግን ይህ ሰው ከዳኑት ጋር ተደምሯል።

እንግዲህ በካርድ ላይ ብቻ ተመሥርተን «ከታከሙት ውስጥ ይህን ያህሉ ድነዋል» ስንል ምን እያልን ነው? ከበር በሕይወት የወጡትን ቆጠርን እያልን ነው። መዳንና ከበር መውጣት አንድ አይደሉም።

ሌሎች ከመዝገብ ምን ተማሩ?

እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሐኪሞች የንቃተ ኅሊናን መጠን የሚለኩበት ዘዴ አወጡ። ሕመምተኛው ዓይኑን ይከፍታል? ይናገራል? ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል? የመልሶቹ ድምር፣ ዛሬ እንደሚሠራበት፣ ከ3 እስከ 15 ይደርሳል። በተከታዩ ዓመት ጄኔት ከማይክል ቦንድ ጋር ሆኖ የመጨረሻውን ውጤት በአምስት ደረጃ የሚከፍል ሌላ መለኪያ አወጣ፦ ሞት፣ ንቃት የሌለው ሕይወት፣ ሰውን ጥገኛ የሚያደርግ ከባድ ጉዳት፣ ራስን የሚያስችል መካከለኛ ጉዳትና መልካም ማገገም። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ማሽን አልፈለሰፉም። ያወጡት የጋራ ቋንቋ ነው። በባሕር ዳር ያለች ነርስና በግላስጎ ያለ ሐኪም ስለ ሁለት የተለያዩ ሕሙማን ተነጋግረው የሚግባቡት በዚህ ቋንቋ ነው። የሚጠይቀውም እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የወጣ አንድ ጥናት የሕክምናውን ዓለም አነጋገረ። ጥናቱ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ደም ፈስሶባቸው ራሳቸውን የሳቱ 82 ሰዎችን የሚመለከት ነበር። ጉዳቱ በደረሰ በአራት ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካገኙት የሞቱት 30 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዚያ ከዘገዩት ግን 90 በመቶዎቹ ሞተዋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱን በዚህ ስፋት አላገኙትም፤ ክርክሩም ቀጥሏል። እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ ራሱ አይደለም። የተመታበትን ሰዓትና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባበትን ሰዓት በትጋት የጻፈ ሰው ባይኖር ኖሮ ጥያቄው እንኳ ሊነሣ አይችልም ነበር።

አራት ሰዓት! ደቅ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት ነው? ደሴቲቱ ድልድይ የላትም። መጀመሪያ ጀልባ መገኘት አለበት፤ ከዚያ ነዳጅ፤ ከዚያ ሐይቁ መፍቀድ አለበት። ጣና ማዕበል ሲያነሣ የሚደፍረው ጥቂት ነው፤ በሌሊት መሻገር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ወደቡ ላይ ተደርሶም ባጃጅ ወይም አምቡላንስ ይፈለጋል፤ ሆስፒታል ተገብቶም የሲቲ ስካን ወረፋ አለ። ጊዜው የባከነው ከእነዚህ በየትኛው ላይ ነው? ሰው የሚሞተው ጀልባ በመጠበቅ ነው ወይስ ወረፋ በመጠበቅ? መልሱ ባልታወቀበት ሁኔታ አንዱ ባለሥልጣን የሞተር ጀልባ ገዝቶ ሪባን ይቆርጣል፣ ሌላው ማሽን አስመጥቶ ሪባን ይቆርጣል። ሁለቱም ምናልባት በጎ አድርገዋል፤ ምናልባትም ገንዘቡን በማይመለከተው ቦታ አፍስሰዋል። የሚያውቅ የለም።

የእነርሱ መዝገብ ስለ እነርሱ ይናገራል

«ታዲያ የአውሮፓን ጥናት አንብበን ለምን አንሠራበትም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከእ.ኤ.አ. 2014 መጨረሻ እስከ 2017 ድረስ በአብዛኛው በአውሮፓ፣ በ18 ሀገሮች የተካሄደውን «ሴንተር ቲቢአይ» የተባለውን ታላቅ ጥናት እንመልከት። 4,509 ሕሙማን በዝርዝር ተጠንተዋል። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ አልረኩም፤ ከጎኑ ከ22,000 በላይ ሕሙማንን የያዘ ቀለል ያለ መዝገብ አቆሙ። ለምን? በዝርዝር ጥናቱ ያልተካተቱት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ነው። አስተዋይነት ማለት ይህ ነው። ያገኙትን ሰው ብቻ ሳይሆን ያመለጣቸውንም ቆጠሩ።

ያገኙትም ነገር አስተማሪ ነው። የአውሮፓው ታካሚ በአብዛኛው በዕድሜ የገፋ፣ ጉዳቱም በመውደቅ የሚደርስበት ሆኖ ተገኘ። የእኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኙ አራት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 ለጭንቅላት ጉዳት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,087 ሰዎች ተመዝግበው ተጠንተዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 30 ዓመት አይሞላም፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ወንዶች ናቸው፤ ከአሥሩ ሰባት የሚሆኑት የተጎዱት በሰው ተመትተው ነው። የመኪና አደጋ ከዚያ በብዙ ርቀት ሁለተኛ ነው። በብዛት የታየው ጉዳትም ወደ ውስጥ የገባ የራስ ቅል ስብራት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የአውሮፓው ሐኪም የሚጨነቀው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ ደረጃ ላይ ስለወደቀ አዛውንት ነው። የእኛው ሐኪም የሚጨነቀው በዱላ ተመትቶ ራስ ቅሉ ስለገባ፣ ቁስሉም ከቀናት በኋላ ስለ ደረሰ ወጣት ገበሬ ነው። ስለ መጀመሪያው የተጻፈውን መመሪያ ለሁለተኛው ማዋል በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እንደመልበስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ10,008 ሕሙማን መረጃ ተነሥተው የጭንቅላት ጉዳትን ውጤት የሚተነብይ ቀመር ያወጡት ተመራማሪዎችም ይህን ስለተረዱ ለበለጸጉት ሀገሮች አንድ፣ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ገቢ ሀገሮች ሌላ ቀመር ለማውጣት ተገድደዋል።

ከላይ የጠቀስኩት የአዲስ አበባ ጥናት በራሱ የተገኘ ሲሳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የሚሹ ወደ ውጭ መሄድ ነበረባቸው፤ የሚመለሱትም ጥቂቶች ነበሩ። ሐኪሞቹ ሲፈሩ መዝገቡም አብሮ መጣ። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ያ ጥናት የሚናገረው ለቀዶ ሕክምና ስለ ደረሱት ነው። ብዙዎቹ ከሩቅ የተጓዙ ሲሆኑ፣ በጣም ከባድ ጉዳት ያለባቸው ግን በመካከላቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህ የምሥራች ይመስላል። እኔ ግን ከኋላው የሚታየኝ ሐዘን ነው፤ ከባዶቹ በመንገድ ቀርተዋል ብዬ እገምታለሁ። ሆስፒታል ያልደረሰን ሰው የሆስፒታል መዝገብ አያውቀውም። ለዚህ ነው ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ይልቅ ከደቅ ሆኜ ማየትን የመረጥኩት።

እኛስ እንችላለን?

«ይህ ለሀብታም ሀገር ነው» የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ማስረጃዬም ከዚሁ ከሀገራችን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በመዲናዪቱ የቀብር ቦታዎች የሚቀበረውን ሰው ሁሉ መመዝገብ ጀመሩ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር በኤድስ የሚሞተው አዋቂ ቁጥር በፍጥነት መውረዱ የታወቀው በዚህ የቀብር መዝገብ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምሁር ከቀብር ጠባቂ ጋር ተባብሮ ለዓለም የሚተርፍ እውቀት አስገኘ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሥርቷል። በራሱ በአማራ ክልል፣ በዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚከታተል ጣቢያ አቋቁሟል። ስለዚህ የጎደለን ችሎታ ነው ማለት አያስኬድም።

ሁለተኛው ክርክር «የጤና መረጃ ሥርዓት እኮ አለን፤ ሪፖርቱ በየወሩ በኮምፒዩተር ይላካል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አለ። ነገር ግን ወደ ላይ የሚላከው ድምር ነው። «በዚህ ወር ይህን ያህል የጭንቅላት ጉዳት» ይላል። ድምር ስም የለውም፤ ስም የሌለውን ነገር ከስድስት ወር በኋላ ደውሎ «እንዴት ነህ?» ማለት አይቻልም። የሪፖርት ቁጥር ለዕቅድ መሥሪያ ቤት ይጠቅም ይሆናል፤ የትኛው ሕክምና ሰውን ወደ እርሻው እንደሚመልሰው ግን ሊነግረን አይችልም።

ሦስተኛው «በመጀመሪያ አልጋና ማሽን ይቅደም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ በድካም የዛሉ ሐኪሞች ናቸውና በአክብሮት እመልሳለሁ። አልጋው ይቅደም፤ ግን ስንት አልጋ? ለማን? የት? እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የወጣውን «ክራሽ» የተባለ ጥናት አስታውሱ። የስቴሮይድ መድኃኒት ለጭንቅላት ጉዳት ለአሥርተ ዓመታት በእምነት ሲሰጥ ኖሯል። ከ10,000 በላይ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ሲጠና ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞቱት 21 በመቶ፣ ካልወሰዱት 18 በመቶ ሆነው ተገኙ። በበጎ ፈቃድ የተሰጠ መድኃኒት ሰው ሲገድል ኖሯል ማለት ነው። ሳይለኩ መርዳት አንዳንዴ መጉዳት ነው።

የመዝገብ ወሰን

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ግን በእኔም ላይ ይሠራልና እውነቱን ልናገር። «ክራሽ» በዕጣ የተከፋፈለ ሙከራ እንጂ መዝገብ አልነበረም። መዝገብ ብቻውን እንዲህ ዓይነቱን ፍርድ መስጠት አይችልም። ለምን ቢሉ፣ በመዝገብ ላይ ብዙ ሕክምና ያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ በጣም የታመመው ነውና። አንድ ሰነፍ ተንታኝ መዝገቡን ገልጦ «የመተንፈሻ ማሽን የተገጠመላቸው በብዛት ሞተዋል፤ ማሽኑ ይገድላል» ሊል ይችላል። ማሽኑ የተገጠመላቸው ለሞት የቀረቡት መሆናቸውን ረስቷል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከስድስት ወር በኋላ ስልክ የሚያነሡት ደህና የሆኑት ብቻ ከሆኑ ውጤታችን ያማረ ይመስላል። ስልኩ የጎረቤት የሆነ፣ ስሙ አንድ ጊዜ «ኃይለ» ሌላ ጊዜ «ሃይለ» ተብሎ የተጻፈ፣ ራሱን ስቶ መጥቶ «ስሙ ያልታወቀ» ተብሎ የተመዘገበ፣ ዕድሜው በግምት የተሞላ ሰው ከመዝገብ በቀላሉ ይጠፋል። የሚጠፋውም ድኻው ነው። ስለዚህ መዝገብ ጥያቄን ያነሣል፣ የጠፋውን ሰው ያሳያል፣ ለሙከራ መሠረት ይጥላል እንጂ ተአምር አይሠራም። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ በግዴለሽነት የተያዘ መዝገብ ከነአካቴው ባይኖር ይሻል ነበር የሚያሰኝበት ጊዜ አለ፤ ሐሰትን በቁጥር ልብስ ያስጌጣልና።

መዝገቡ የማን መሣሪያ ይሆናል?

አሁን ወደሚከብደው ጉዳይ ደረስኩ። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ኦስሎ ወይም ግላስጎ የሚኖር ሰውም ሊለው ይችላል። እኛ ግን የምንኖረው በአማራ ክልል ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ግጭት ወዲህ፣ ራስን መቁሰል በዚህ አካባቢ የሕክምና ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የቆሰለ ሰው «ማን መታህ?» ከመባሉ በፊት «ከየትኛው ወገን ነህ?» ይባላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ኃይሎች በክልሉ በጤና ባለሙያዎች፣ በሕሙማንና በጤና ተቋማት ላይ ጥቃት መፈጸማቸውን፣ የቆሰሉ ታጣቂዎችን አክማችኋል ተብለው የታሠሩ ባለሙያዎች መኖራቸውንም ዘግቧል።

እንግዲህ በዚህ አገር ላይ ቆሜ «የተጎዳውን ሰው ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የጉዳቱን ምክንያትና ሰዓት እንመዝግብ» ስል ምን እያልኩ ነው? አንድ የታጠቀ ሰው በር ሰብሮ ገብቶ ያንን መዝገብ ቢያነሣ፣ ለምርምር የተዘጋጀው ዝርዝር የእስር ዝርዝር ይሆናል። ይህ ፍርሃት ምናባዊ አይደለም። ሕዝቡም ይህን ይረዳል፤ ፈርቶ ቁስሉን ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን መናገር ከሕመሙ ይልቅ አደገኛ በሆነበት ጊዜ የደበቀውን ሰው ማን ይወቅሰዋል?

አንዳንድ ወዳጆቼ ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው መዝገቡ ይቆይ፤ ሰላም ሲወርድ እንጀምረዋለን» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ግጭት ባለበት ዘመን የሚቆስለው ብዙ ነው፤ ሳይጻፍ ካለፈ ነገ ስለ እርሱ የሚናገረው ካድሬው ወይም ፕሮፓጋንዲስቱ ብቻ ይሆናል፤ አንዱ አሳንሶ፣ ሌላው አጋንኖ። የተጎዳው ሰው ራሱ ግን ከሁለቱም ትረካ ውጭ ይቀራል። መፍትሔው አለመጻፍ ሳይሆን፣ ጽሑፉን ከጠመንጃ ማራቅ ነው።

እንዴት? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይህ መልካም ጅምር ነው። ሕግ ግን በወረቀት ላይ ሲቀር እንዴት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች አላስረዳም። ስለዚህ ጥበቃው በመዝገቡ አሠራር ውስጥ መገንባት አለበት። ስምና ስልክ በአንድ ቦታ፣ የሕመሙ ታሪክ በሌላ ቦታ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር ደግሞ በሦስተኛ ሰው እጅ ይሁን። «ጉዳቱ የደረሰው በምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «በመውደቅ፣ በተሽከርካሪ፣ በዱላ ወይም በድንጋይ፣ በስለት፣ በጥይት ወይም በፍንዳታ» ይሁን፤ «ማን? በየትኛው ውጊያ?» የሚል ጥያቄ በቅጹ ላይ ፈጽሞ አይኑር። ያልተጻፈን ነገር ማንም በኃይል ሊወስደው አይችልም። ለፖሊስም ሆነ ለደኅንነት መሥሪያ ቤት መረጃ መስጠት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተከለከለ መሆኑ በግልጽ ይታወጅ። ራሱን ስቶ የገባ ሰው ፈቃዱን መስጠት አይችልምና በመጀመሪያ ቤተሰቡ ይጠየቅ፤ ሲነቃ ግን እርሱ ራሱ «አልፈልግም፣ ሰርዙኝ» የማለት መብት ይኑረው።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው አንድ ገጽ ብቻ ባለው ቅጽ ይጀምሩ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የጉዳቱ ምክንያት፣ የተጎዳበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት፣ በምን እንደመጣ፣ የግላስጎ ነጥቡ፣ የዓይኑ ብሌን ሁኔታ፣ ሲቲ ስካን መነሣት አለመነሣቱ፣ ቀዶ ሕክምና መደረግ አለመደረጉ፣ ሲወጣ የነበረበት ሁኔታ። ከአንድ ይልቅ ሁለት ስልክ ይያዝ፤ የአስታማሚውና የሚታመን የጎረቤት። በስድስተኛው ወር ይደወል፤ ስልክ ካልሠራ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሄዳ ትጠይቅ። ብዙ ጥያቄ ያለው ቅጽ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ ጥቂት ጥያቄ ያለው ተሞልቶ ይመለሳል።

ሆስፒታል ሳይደርሱ ስለሚሞቱት ደግሞ እድሩንና ካህኑን እንጠይቅ። የአዲስ አበባው የቀብር ምዝገባ ያስተማረን ይህንን ነው። በደቅ ራሱን ተመትቶ ጀልባ ሲጠብቅ ያረፈ ሰው ካለ፣ የደብሩ ሰዎች ያውቁታል።

ከሁሉ በላይ ውጤቱ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። ባሕር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት፤ ከንቲባው የራስ ቁርን ግዴታ ማድረግ ይጠቅም እንደሆነ ከመዝገቡ ይጠይቅ። የሐይቁ ዳርቻ ወረዳዎች የሌሊት አምቡላንስ ጀልባ ያስፈልግ እንደሆነ ከመዝገቡ ይጠይቁ። ዱላ ይህን ያህል ራስ የሚሰብር ከሆነ የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ስለ ጠብና ስለ ሽምግልና የሚሉትን ይበሉ። የደቅ ሰውም ስለ ራሱ የተጻፈውን ይስማ፤ መረጃው እንደ ጥሬ ቡና ተጭኖ ሄዶ በውጭ መጽሔት ላይ ብቻ ተቆልቶ አይቅር።

መንግሥት የዘመናዊነት ምልክት አድርጎ የሚያሳየን ሕንፃና ማሽን ነው። እኔ ደግሞ አንድ ተራ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ባለፈው ዓመት ራሱን ተመትቶ በእጃችሁ ያለፈው የደቅ ገበሬ ዛሬ እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ ደውሎ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ መልስ የሚሰጥ የጤና ሥርዓት ሲኖረን ስለ ምርምርም ስለ ዜግነትም በድፍረት መነጋገር እንችላለን።